እትዬና 101ዱ ቁልፎች

"ኪቦርድ እየጠገንኩ ነው" ብዬ ስናገር የመዘምራን ኅብረታችን መሪ በደስታ አቀፈኝ። ሁለት ኖታ አልወጣ ብሎ ከፋሲካ ጀምሮ ያስቸገረን የመድረኩ ኪቦርድ መስሎት ነበር። የምጠግነው የኮምፒውተር ኪቦርድ፣ ያውም በዕድሜ ከእኔ 14 ዓመት የሚበልጥ መሆኑን ስነግረው እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳና "አዲስ ገዝተህ አትገላገልም?" አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በር ላይ ቆመው የሚጨርሱት ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። እኩሌታው ስለ ሞላ፣ ስለ ቡሎንና ስለ ዳዶ ነው፤ ታገሡኝ። እኩሌታው ደግሞ ስለ አንድ ውሸት ነው። ውሸቱ የእኔ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ጣሪያው ያፈስ ጀመርና ወጣቶቹ ገብተን ዕቃ እንድናወጣ ተጠየቅን። እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፣ በማዳበሪያ የታጨቀ ካሴት፣ ድምፃቸው የተቀደደ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ አይጥ የቀመሳቸው የመዝሙር ደብተሮች። ከሁሉም ሥር፣ ዝናብ ባራሰው ካርቶን ውስጥ ኪቦርዱ ነበር። በአንድ እጄ ላነሳው ስል ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም። እኛ የለመድነው ኪቦርድ እንደ ላስቲክ ትሪ የቀለለ ነው፤ ይህ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስወዘውዘው ውስጡ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንኳኳል። አንዱን ቁልፍ ተጫንኩት። "ቀጭ!" አለ። አጠገቤ ዕቃ የሚያወጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ገለበጥኩት። ከጀርባው ወረቀት ተለጥፎበታል። በስልኬ መብራት አነበብኩት። ሞዴል ኤም። የዕቃ ቁጥር 1391401። ቀን 22 ጁን 89። ሥሪቱ አሜሪካ። ከነዚህ ጋር ደግሞ አይቢኤም ኮርፖሬሽን 1984 ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ለጓደኞቼ "የ1984 ነው" ብዬ ተኩራርቻለሁ። 1984 የመብት ማስታወቂያው ዓመት ነው፤ ከዓመታት በኋላ በተሠሩትም ላይ ሳይለወጥ ይታተም ነበር። የተሠራበት ቀን ያ ለብቻው የተጻፈው ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሰኔ 15 ቀን 1981 ዓ.ም. ሆነ። ሐሙስ ቀን። እዚህ አገር የግንቦት 8ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ገና 5 ሳምንት ቢሆነው ነው። አባቴ ያኔ ወጣት ነበር።

ወረቀቱ ተቀዶ ቢሆን እንኳ ዕቃው ራሱን ይናገራል። አይቢኤም የሚለው ምልክት ግራጫ ሞላላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የብር መልክ ያለው አራት ማዕዘን፣ በኋላ የመጡት ደግሞ ሰማያዊ ሞላላ አላቸው። ገመዱ እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ነው፤ ከኪቦርዱም ይነቀላል። ግን ዋናው መለያ ከቁልፉ ሥር ያለው ነው። አንዱን ቁልፍ በጥንቃቄ ወደ ላይ ብትስቡት ይወጣና ከሥሩ ቀጭን ሞላ ቆሞ ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ሞላ። ቁልፎቹ 101 ናቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ሞላው ይጨመቃል፤ እስከ አንድ ልክ ይታገሥና ድንገት ወገቡ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ያዘነብላታል፤ መዶሻዋ ከታች የተነጠፉትን ስስ የፕላስቲክ ገበታዎች ትጫናለች፤ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ፊደሉ ይጻፋል። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ የዚያው የሞላው መታጠፍ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጣት ፊደሉ መጻፉን ዓይን ሳያይ ያውቃል። በእኛ ርካሽ ኪቦርዶች ሥር ያለው ላስቲክ ነው፤ መጻፉን የምናውቀው ቀና ብለን ስክሪኑን ስናይ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የሚታጠፈውን ሞላ የፈለሰፈው ሪቻርድ ሃሪስ የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ ነው፤ በ1970ዎቹ። ኪቦርዱ የተሠራበት የሌክሲንግተን ፋብሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ ከዚያ በፊት የጽሕፈት መኪና ነበር የሚያመርተው። ዕድሜዋን በሙሉ በጽሕፈት መኪና ስትመታ የኖረች ጸሐፊ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ጣቷ እንዳይደናገር ታስቦ ነው እንዲህ የከበደውና የሚጮኸው። እ.ኤ.አ. በ1991 አይቢኤም ያን ክፍል ሌክስማርክ በሚል ስም ለየው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሌክስማርክ ኪቦርድ መሥራት ተወና ዩኒኮምፕ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ወረሰው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ኬንታኪ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በዚያው ሌሊት ነው። ያነበብኩት ግን ይህን ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ኪቦርድ የሚሰበስቡ ሰዎች በውጭ አገር እንዳሉና ደህና ለሆነው ከ100 ዶላር በላይ እንደሚጠየቅበትም አነበብኩ። መቶ ዶላር በእኛ ገንዘብ ስንት እንደሆነ አሰላሁ። ሁለት ጊዜ አሰላሁ። እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ወደ ንብረት ክፍሉ ጋሼ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ኪቦርድ ቆሻሻ ነው፤ ወስጄ ልጣለው?" አልኳቸው።

"ጣለው ልጄ። ተባረክ" አሉኝ።

ቢቆጡኝ፣ ቢጠራጠሩኝ ይሻለኝ ነበር። "ተባረክ" ማለታቸው ነው ውስጤ የቀረው። አካን የሰረቀውን በድንኳኑ መሬት ሥር ደበቀ፤ እኔ በአልጋዬ ሥር። ደግሞ ራሴን ሳጽናና "ከተሸጠ አሥራቱን አወጣለሁ" አልኩ። ከተሰረቀ ነገር ላይ አሥራት! አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ከምሬ ነበር።

የሚሸጥ ነገር ንጹሕ መሆን አለበትና ቁልፎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው፤ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ሳሙና አድርጌ ዘፈዘፍኳቸው። በብዙዎቹ ቁልፎች ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ጥፍር የማታህል ወረቀት አለ። ሀ። ለ። መ። ከሠላሳ ይበልጣሉ። ሰብሳቢዎቹ የሚፈልጉት ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ነው ብዬ ሁሉንም ላጥኳቸው። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጠረግሁት። ከሥር ያሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ምንም አልሆኑም፤ ቀለሙ ላይ ላዩን የተቀባ ሳይሆን በሙቀት ፕላስቲኩ ውስጥ የገባ ስለሆነ አይለቅም። በዚህ በጣም ተደነቅኩ። የወረቀቶቹን እጣቢ ውኃ ግን ሳላይ ደፋሁት። አንዲት ብቻ ሳፋው ጎን ላይ ተለጥፋ ቀርታ በማግሥቱ አገኘኋት። "ጨ" ናት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልጣልኳትም፤ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኳት።

ከዚያ ወደ ሚንኳኳው ጠጠር መጣሁ። ሞዴል ኤም አንድ የታወቀ በሽታ አለው። ሞላዎቹን የያዘው ፕላስቲክና ከጀርባው ያለው የብረት ገበታ የሚያያዙት በቀለጠ የፕላስቲክ ችንካር ነው። ችንካሮቹ በዘመን ብዛት ይደርቁና ራሳቸው ይቆረጣሉ፤ ሲወዘወዝ የሚንኳኳው የተቆረጠው ራስ ነው። ችንካር በጎደለበት አካባቢ ገበታው ይላላል፤ ቁልፉም ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም ጭራሹን አይጽፍም። መድኃኒቱ የቀሩትንም ችንካሮች ቆርጦ በየቦታቸው መብሳትና በቡሎንና በዳዶ ማሠር ነው።

ለመክፈት የሚያስፈልገው ቁልፍ 5.5 ነው። አራቱ ቡሎኖች ከኋላ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ነው ያሉት፤ ካቻቢቴ አይሠራም፤ ፒንሳም አይደርስም። ከመርካቶ ያገኘሁት የ5.5 ቡሶላ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አልገባ አለ። ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወስጄ በግራይንደር አስላጥኩት። መካኒኩ "ለየትኛው መኪና ነው?" አለኝ። ለኪቦርድ ነው ስለው እሱም እንደ መዘምራኑ መሪ "የቤተ ክርስቲያን ነው?" አለ። አዎ አልኩት። በዚያ ሰሞን ከአፌ የወጣ አንድ እውነት እሱ ነበር፤ ያም ሳላስበው።

ማታ ከፈትኩት። አቧራ፣ ሦስት የስቴፕለር ሽቦ፣ ረጅም የፀጉር ዘለላ፣ የሻማ ጠብታ። እና አንድ ፍሬ የገብስ ቆሎ።

ቆሎዋን በጣቴ ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ያችን ቆሎ ያውቃታል። በሰንበት ትምህርት ጊዜ ጥቅስ በቃሉ የወጣ ልጅ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ እትዬ ከመሳቢያቸው እፍኝ ቆሎ ያወጡለታል። ጥቅሱን ያልቻለም ሄዶ ቢቆም አይከለክሉም። ለሃያ ዓመት ከዚያ በላይ የቢሮው ጸሐፊ ነበሩ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ጡረታ ወጡ። ስማቸውን ለማወቅ የፈለገ ሰው የለም፤ ሁላችንም እትዬ ብቻ ነው የምንላቸው። ያን የተጠጋጋ፣ ቀጥ ያለ የእስክሪብቶ ጽሕፈት የት እንደማውቀው ያኔ ገባኝ። የሰንበት ትምህርት ምስክር ወረቀቴ ላይ ስሜን የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ወዲያው ሄጄ ነገርኳቸው ብል ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ሰበቤ ቡሎኑ ነበር። 2 ሚሊ ውፍረት፣ 8 ሚሊ ርዝመት ያለው ቡሎን ከነዳዶው እዚህ አጥቼ አንድ የመዘምራን አባል ዘመድ ከዱባይ እስኪያመጣልኝ ጠበቅኩ። ቆሎዋን የለስላሳ ቆርኪ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነበር። ቡሎኑ ሲመጣ ሰበቡ አለቀ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። ኪቦርዱን በፎጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ፎጣውን ስገልጠው ሲኒውን አስቀመጡና በአራት ጣታቸው ቁልፎቹን ዳሰስ አደረጓቸው፤ የሕፃን ፀጉር እንደሚዳስሱ።

"እሷ ናት" አሉ። "እንዴት ነጣች!"

አወሩልኝ። ከዚያ በፊት የሚጽፉት በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ፊደሉ ከነቅጥያው እየተገጣጠመ ስለሚመታ አንዱን ቃል ለመጻፍ ጣት ይዝላል። ቤተ ክርስቲያን እንደገና በነፃነት መሰብሰብ ከጀመረች በኋላ ከውጭ አገር አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር በስጦታ መጣ፤ ኪቦርዷ ከሱ ጋር ናት። ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ኪቦርዷን ግን አላስቀየሩም። "አዲሱን አመጡልኝ፤ ሊጥ የምነካ መሰለኝ" አሉ። የዝውውር ደብዳቤ፣ የጋብቻ ማስታወቂያ፣ የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም በሷ ነው የተጻፈው። የሕይወት ታሪክም።

የሕይወት ታሪክ ያሉት በቀብር ላይ የሚነበበውን ነው። ቤተሰቡ እያለቀሰ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ያስተካክሉና ይጽፋሉ።

"የአባትህንም የጻፍኩት በሷ ነው" አሉኝ። "መብራት ሄዶ ነበር። በሻማ ረቂቁን በእጄ እየጻፍኩ ስጠብቅ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ከዚያ እስኪነጋ።"

ያቺ ወረቀት ቤታችን አለች። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው የምታስቀምጣት። አባቴ ሲሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ስለ እሱ ከማውቀው ብዙውን የማውቀው ከዚያች አንድ ገጽ ነው። የሻማውን ጠብታ ግን በጥፍሬ ፍቄ ጥያለሁ።

ወረቀቶቹን እንደላጥኩ ስነግራቸው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸው ሳቁ። "እነሱንማ እኔ አይቻቸውም አላውቅ። ለሚማሩት ልጆች ነው የለጠፍኩት። የእኔ ጣት መች ይጠይቃል።" ቀለል አለኝ። ሁሉንም ተናግሬ ልገላገል ብዬ የዋጋውንም፣ የጋሼንም ነገር ነገርኳቸው።

ሳቁ ቆመ።

"ቆሻሻ ነው ብለህ ነው የወሰድካት?"

ዝም አልኩ።

"ይህን ለእኔ አይደለም የምትነግረው" አሉና ቡናውን ቀዱልኝ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጠጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አላነሱም።

ጋሼ ማክሰኞ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆሜ ነገርኳቸው። ረጅሙን የንብረት መዝገብ አወጡ፤ መስመሩን በጣታቸው ፈለጉ። "ኪቦርድ፣ 1፣ ተወግዷል" ይላል። ከጎኑ ስሜ አለ፤ ያስወገድኩት እኔ ስለሆንኩ። መስመሩን ሰርዘው ከሥሩ አዲስ ጀመሩና "ምን ብዬ ልጻፍ?" አሉኝ። ሞዴል ኤም፣ ቁጥር 1391401 አልኳቸው። እየደጋገሙ ጻፉት። ቀጥሎ ያለው ዓምድ ዋጋ ይላል። ያየሁትን ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን አንሥተው አዩኝ። ዓምዱን ባዶ ተዉት። በዚያን ቀን "ተባረክ" አላሉኝም። "ጨርሰህ አምጣት" ብቻ አሉ።

ጥገናው ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጥፋት ነበር። የብረቱ ገበታ ሲነሣ ነገሩ በፊቱ ተደፍቶ መሆን አለበት፤ እኔ አልደፋሁትም። መዶሻዎቹ ከነሞላቸው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ታናሽ እህቴና እኔ በእጅ ባትሪ አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለግን፤ ድሪሟ የጠፋባት ሴትዮ ቤቷን የጠረገችውን ያህል ጠርገናል፤ የእሷ አንድ ብቻ ነው የጠፋው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከ2 ሚሊ በቀጠነ ፑንታ በትንሽ ትራፓኖ በሳሁ፤ ጥቁሩን ስስ ላስቲክና ከሥሩ ያሉትን ገበታዎች መልሼ አነጠፍኩ፤ ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር እያልኩ አጠበቅኩ። ቁልፎቹን ስትመልሱ ኪቦርዱን አቁሙት፤ ሞላው ጠሞ ከገባ ቁልፉ አይጮህም። ይህን የተማርኩት 40 ያህል ቁልፍ ሁለት ጊዜ ካወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ሌላም ላስጠንቅቃችሁ። የዚህ ገመድ ጫፍ ክቡ፣ ባለስድስት እሾህ ነው። ወደ ዩኤስቢ ልቀይረው የምትሉ ከሆነ የእሾሁን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ርካሽ አስማሚ አይሠራም፤ ቋንቋውን ራሱን የሚተረጉም መሣሪያ ያስፈልገዋል። እኔ የሚዲያ ክፍሉ ውስጥ ሐምራዊ ክብ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ስላለ በሱ ተገላገልኩ። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ አትሰኩት፤ አጥፉና ሰኩት።

ሰካሁ። አበራሁ። ከላይ በቀኝ ያሉት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ አሉ። 101ዱም ይጽፋሉ። ቢሮው በድምፅ ተሞላ።

እትዬን በቀጣዩ ቅዳሜ አመጣኋቸው። ወንበሩን አስተካከሉ፤ መነጽራቸውን አወለቁ እንጂ አላደረጉም። ጣታቸውን አሳረፉና መቱ። እንደዚያ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ነው። እኔ ግን ስክሪኑን እያየሁ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው አንድም ቃል አልነበረም። የፊደል ትርምስ ነው።

ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል አቀማመጥና የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት አይነበብም። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ እናንተና እኔ "ለ" ለመጻፍ የእንግሊዝኛውን ኤል እንጫናለን፤ ድምፁን ተከትለን ነው የምንጽፈው። የእትዬ ጣት የሚያውቀው ግን የድሮውን ፕሮግራም ነው፤ "ለ" እሳቸው ዘንድ ሌላ ቦታ ናት። ያ ፕሮግራም የነበረበት ኮምፒውተር ከተጣለ ቆይቷል። የትኛው ፊደል የት እንደነበረ የሚናገር አንድ ካርታ ብቻ ነበር። እሱም ቁልፎቹ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፎ ነበር።

"የት ነበር እትዬ? 'ለ' የት ነበር?" አልኳቸው።

እጃቸውን አንሥተው ቁልፎቹን አዩ። "እንጃ ልጄ። ስታየው አይመጣም።"

ለምን ይህን ያህል እንደምደክም ጠየቁኝ፤ ከዚያ ራሳቸው መለሱ። የሚጽፉት ነገር አለ። የሰዉን ሁሉ የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ ኖረው የራሳቸውን ማን እንደሚጽፈው አያውቁም። "ዓመተ ምሕረቱን ያሳስቱታል" አሉ። "ባሌን ከወለጋ ነው ይሉታል። ከከምባታ ነው።" በእጅ እንዳይጽፉት ጣታቸው እስክሪብቶ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ግን፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ አሁን በየቅዳሜው ከሰዓት የምንሠራው ይህ ነው። እኔ ቃል እጠራለሁ፤ እሳቸው መስኮቱን እያዩ ይመታሉ፤ የትኛው ቁልፍ እንደተመታ ስክሪኑ ላይ አይቼ ደብተሬ ላይ እመዘግባለሁ። ካርታው ሲሞላ ያንን አቀማመጥ ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና እሠራላቸዋለሁ፤ ዛሬ ይህን ለማድረግ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች አሉ። "ሰላም" ሦስት ፊደል ሰጠን። "ቤተ ክርስቲያን" ብዙ ሰጠን። የአባቴን ስም ጠራሁላቸው፤ ሳያቆሙ መቱት።

እስካሁን 26 ፊደል አግኝተናል። አንዳንዱ ላይ ጣታቸው ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ እንተወውና ቡና ጠጥተን እንመለሳለን። የመዘምራኑ መሪ አንድ ቀን ድምፁን ሰምቶ ገባ፤ ጥግ ላይ ቆሞ ጥቂት አየና የመድረኩን ኪቦርድም እንዳይለት ጠየቀኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተሬን ገልጬ ያቺን የተረፈችውን ወረቀት አሳየኋቸው። በእጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አቀረቧት። "ጨ" አሉ፤ "ቆንጆ አድርጌ ነበር የምጽፈው።" ከየትኛው ቁልፍ ላይ እንደወጣች ሁለታችንም አናውቅም። መልሰው ሰጡኝና መነጽራቸውን አወለቁ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ጣታቸውን አሳረፉ።

"በል ጥራ" አሉኝ።

"ጨረቃ" አልኳቸው።